የግማሽ ሊትር ምስጋና

በዓለም የኩላሊት ቀን ለሕሙማን፣ ለአስታማሚ ቤተሰቦችና ለሕክምና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የኩላሊት እጥበት ጓደኞቼ፣ ከየወንበራችን ጎን ሆናችሁ የምታስታምሙን ቤተሰቦቻችን፣ ማሽኑ በጮኸ ቁጥር የምትሮጡልን ነርሶች፣ ሐኪሞቻችን፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ሰላምታ ዛሬ ስናገረው አንደበቴ ላይ ይከብደኛል። ሃያ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር በየማለዳው ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል እየገባሁ ለባልደረቦቼ «ጤና ይስጥልኝ» ብያለሁ፤ ምን እያልሁ እንደሆነ ግን አንድም ቀን ልብ አላልሁትም። እኔ ልሰጥህ የማልችለውን ጤና እርሱ በእኔ ፈንታ ይስጥህ ማለት ነው። ውለታ ለዋለልን ሰው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የምንለውም እንዲሁ ነው፤ የተቀበልሁትን መመለስ አቅሜ አይደለምና ሌላ ይክፈልልኝ እያልን ነው። ቋንቋችን አመስጋኙ ባለዕዳ መሆኑን፣ ዕዳውም ከራሱ ኪስ የማይወጣ መሆኑን አስቀድሞ አውቆታል። እኔ ግን ይህን የተረዳሁት በ46 ዓመቴ፣ ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ ካቆሙ በኋላ ነው።

ትናንት ማታ ይህን ንግግር ስጽፍ፣ እዚህ ስቆም የታሸገ ውሃ ከፊቴ ተቀምጦ እንደሚጠብቀኝ ገምቼ ነበር፤ ይኸው አልተሳሳትሁም። አዘጋጆቹን አልወቅስም፤ ለተናጋሪ ውሃ ማቅረብ ወግ ነው። ይህ ግማሽ ሊትር ግን ሐኪሜ ለአንድ ሙሉ ቀን ከፈቀደልኝ ፈሳሽ ከሦስት ሁለት እጁ ነው፤ ሻዩም፣ ሾርባውም፣ የወጡ መረቅም ከዚያው ድርሻ ላይ የሚቀነስ ነው። ስለዚህ ጉሮሮዬ ሲደርቅ አንዳንድ ጊዜ እጎነጫለሁ፤ ስጎነጭም አፌ ውስጥ ትንሽ አቆየዋለሁ። ይህን ለምን እንደማደርግ ከመካከላችሁ ማሽን ላይ የምትተኙት ታውቃላችሁ፤ ለቀራችሁት ደግሞ የምነግራችሁ አለኝ።

ጤነኛ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ውስጥ ያጣራሉ። እያንዳንዱ ኩላሊት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ረቂቅ ማጣሪያዎች አሉት፤ ከዚያ ሁሉ ፈሳሽ ውስጥ ለሰውነት የሚያስፈልገውን መልሰው፣ አንድ ወይም ሁለት ሊትር የሚሆነውን ብቻ በሽንት ያስወጡታል። የእኔዎቹ ይህን ሥራ አርባ ስድስት ዓመት፣ ሌሊትም በዓልም ሳይሉ ሠርተውልኛል። መኖራቸውን ያስታወስሁት ከዱኝ ያልሁ ቀን ነው፤ ከዱኝ ማለቴም ግፍ ነው፣ የከዳኋቸውስ እኔ ነበርሁ። ከመታመሜ ከጥቂት ዓመታት በፊት የራስ ምታት ማስታገሻ ልገዛ ሰፈራችን ወዳለ ፋርማሲ ገብቼ ፋርማሲስቷ ግፊቴን ብትለካኝ 190 በ110 ሆኖ ተገኘ። ክኒን ታዘዘልኝ፤ ሦስት ወር ወሰድሁ፤ ራሴን ሲተወኝ ክኒኑን እኔም ተውሁት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ የደም ግፊትም እንደዚያው ነው፣ ሳያሳምም፣ ሳይቆረጥም፣ አንድ ቀን እግር አብጦ ትንፋሽ እስኪያጥር ድረስ እያሳሳቀ ይወስዳል። የስኳር በሽታና የደም ግፊት ኩላሊትን ለድካም ከሚዳርጉት ምክንያቶች ግንባር ቀደሞቹ መሆናቸውን የተማርሁት ማሽኑ ላይ ከተኛሁ በኋላ ነው።

አዘጋጆቹ ስለ ምስጋና እንድናገር ሲጠይቁኝ መጀመሪያ እንቢ ብዬ ነበር። ምክንያቴን ልሸሽጋችሁ አልፈልግም። በእኛ በሕሙማን ላይ ምስጋና የሚባለው ቃል ብዙ ጊዜ አፍ መዝጊያ ሆኖ ያገለግላል። እጥበት በጀመርሁባቸው ወራት አንድ ወዳጄ ሊጠይቀኝ ቤት መጥቶ ስለ መርፌው፣ ስለ ሌሊቱ ፍርሃት፣ ስለ ጡንቻዬ መሸማቀቅ ስነግረው ገና ሳልጨርስ «ተመስገን በል እንጂ! ስንቱ አለ አይደል ከአንተ የባሰ» አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ ሕመሜን መስማት ስለከበደው ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብቻ ማለት ጀመርሁ፤ ለባለቤቴም፣ ለነርሶቹም፣ ለሐኪሙም ጭምር።

አንድ ቅዳሜ ማሽን ላይ ሳለሁ ዓይኔ መጨለም፣ ጆሮዬ መጮኽ ጀመረ። ነርሷ ባጠገቤ ስታልፍ «ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?» ብትለኝ በተለመደው አፌ «ተመስገን» አልሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ወንበሩ ወደ ኋላ ተዘርግቶ እግሬ ከራሴ በላይ ሆኖ፣ ሦስት ሰዎች ከበውኝ፣ አንደኛዋ ክንዴን ይዛ ግፊቴን እየለካች ነው። ደም ግፊቴ በጣም ወርዶ ነበር። ስነቃ ያቺው ነርስ፣ ላቧን እየጠረገች፣ የተናገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ጋሼ» አለችኝ፤ «ምስጋናውን ለእግዚአብሔር ያድርጉት፤ ሕመሙን ግን ለእኔ ይንገሩኝ።»

ዛሬ ከዚህ መድረክ ላይ የምናገረው ሁሉ ከዚህች ንግግር የወጣ ነው። ሁለቱ ሊጣሉ የማይገባቸው ነገሮች ሆነው ሳለ እኛ አጣልተናቸዋል፤ ያመመው ሰው እውነቱን ከተናገረ አማራሪ፣ ካመሰገነ ደግሞ ያላመመው ይመስለናል። «ውሃ ጠማኝ፣ ክንዴ ተቃጠለ፣ ሞትን ፈራሁ» ማለት እና «ዛሬ ለዚህ ለዚህ ነገር ተመስገን» ማለት ከአንድ አፍ፣ በአንድ ቀን፣ እንዲያውም በአንድ ትንፋሽ ሊወጡ ይችላሉ። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ዋይታውና ውዳሴው የሚገኙት በአንድ መጽሐፍ፣ አንዳንዴም በአንድ መዝሙር ውስጥ አይደለምን?

ስለ ማነጻጸርም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። «የባሰ አታምጣ» ብለው ያሳደጉን ወላጆቻችን ረኀብም ጦርነትም ያዩ ናቸውና ንግግራቸውን አላቃልልም፤ «የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ» የሚለውም ተረት የትዕግሥት ትምህርት አለው። ነገር ግን በሌላው ሰው መከራ ላይ የቆመ ምስጋና ለእኛ ለእጥበት ሕሙማን ብዙ አያስኬድም። ለምን እንደሆነ የራሴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የምታጠበው በግል ማዕከል፣ በራሴ ወጪ ነበር፤ በአምስት ወር ውስጥ የቆጠብነው አለቀ፤ የባለቤቴ ወርቅ ተሸጠ። በአነስተኛ ክፍያ የሚታጠቡበት ቦታ ተመዝግቤ ተራ ስጠብቅ ከረምሁ። አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለና «ቦታ ተገኝቷል፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከሰዓት ይምጡ» ተባልሁ። ባለቤቴ እልል አለች፤ እኔም ተንበርክኬ አመሰገንሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከአጠገቤ የሚታጠብ ወዳጄ በወሬ መሐል ከእኔ በፊት ይታጠብ የነበረን አንድ ሰው አንሥቶ «ይህ ወንበር የእሱ ነበር» አለኝ። ያ ወንበር ባዶ የሆነው ሰውየው ድኖ ወይም ንቅለ ተከላ ተደርጎለት አልነበረም። የሁለት ትንንሽ ልጆች አባት ነበር።

ብዙ ሌሊት ይህ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ያመሰገንሁት ምን አግኝቼ ነው? በማን ምትክ? መልሱን አግኝቻለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር የሰውየውን ስም ጠይቄ ማወቄ ነው፤ ወንበሩ ላይ በተቀመጥሁ ቁጥር መርፌው ከመግባቱ በፊት ስሙን በልቤ እጠራለሁ። ስሙን ሳልጠራ ተመስገን ብል በሰው መቃብር ላይ ቆሜ የምዘፍን ያህል ይሰማኛል።

ከዚያ ወንበር ላይ አራት ሰዓት ሲተኛ ሰው ብዙ ያሰላል። እኔም የጂኦግራፊ መምህር ነኝና አንድ ቀን የውሃውን ሒሳብ ሠራሁት። ማሽኑ ደማችንን ለማጠብ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ያህል የተጣራ ፈሳሽ ያሳልፋል፤ ይህ በአራት ሰዓት 120 ሊትር ይሆናል። በሃያ ሊትር ጀሪካን ሲለካ ስድስት ጀሪካን ማለት ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲሆን አሥራ ስምንት ጀሪካን። እኔ የምኖርበት ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የመጣ ሌሊት የግቢያችን ሴቶች ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ጀሪካን ይደረድራሉ፤ እኔም ከባድ ነገር እንዳልሸከም ስለተከለከልሁ ባትሪ አበራላቸዋለሁ። በቀን ሦስት ሩብ ሊትር ብቻ እንድጠጣ የተፈረደብኝ ሰው፣ ሰፈሬ የሚሻማበትን ውሃ ስድስት ስድስት ጀሪካን እየወሰድሁ እኖራለሁ። ይህን ካሰላሁ ወዲህ ውሃ ተነፈግሁ ብዬ ማማረር አቅቶኛል፤ ውሃ ያጣሁት በአፌ በኩል ብቻ ነው።

ሌላው በዚያው ወንበር ላይ በስልኬ ያነበብሁት የዚህ ማሽን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ በ1943 ሆላንድ በናዚ ጀርመን ተይዛ በነበረችበት ጊዜ፣ ካምፐን በምትባል ትንሽ ከተማ ቪለም ኮልፍ የተባለ ወጣት ሐኪም ቋሊማ የሚጠቀለልበትን ሴሎፎን ከእንጨት በተሠራ ከበሮ ላይ ጠምጥሞ ደም የሚያጥብ ማሽን ሠራ። ዕቃ በማይገኝበት የጦርነት ዘመን የተሠራ ማሽን ነው። በማሽኑ ያጠባቸው የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን አብዛኞቹ እየተከታተሉ ሞቱበት። እ.ኤ.አ በ1945 ግን የ67 ዓመት ሴት ታክማ ነቃች፤ ከዚያም ዓመታት ኖረች። እኔን የሚገርመኝ የሰውየው ብልሃት ሳይሆን፣ ያን ያህል ሰው ከሞተበት በኋላ ከበሮውን አጥቦ ለሚቀጥለው ታካሚ ማዘጋጀቱ ነው። የእሱም ማሽን ቢሆን የሚጠቅመው ለጊዜው ኩላሊቱ ለደከመበት ሰው እንጂ እንደ እኛ ለዘለቄታው ለሚታጠብ አልነበረም፤ በየጊዜው ሥር እየቆረጡ ማጠብ አይቻልምና። ቤልዲንግ ስክሪብነር የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ በ1960 በሲያትል ከተማ ክንድ ላይ የሚቆይ የቴፍሎን ቱቦ እስኪያስገባ ድረስ የእኛ ሕመም መጨረሻው አንድ ብቻ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ብሬሺያና ቺሚኖ የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በእጅ አንጓ አካባቢ ደም ቅዳውንና ደም መልሱን ሥር በማገናኘት ፊስቱላ የምንለውን፣ የእጥበቱ መርፌ የሚገባበትን ሥር ለዓለም አስተዋወቁ።

ይህ ግራ ክንዴ ላይ ያለው እብጠት የእነሱ ሥራ ነው። ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ክንዴን ወደ ጆሮዬ አስጠጋለሁ፤ ሽው፣ ሽው፣ ሽው ይላል፣ በርቀት እንደሚሰማ ወንዝ። ነርሶቻችን ጠዋትና ማታ በጣታችሁ እየዳበሳችሁ መንዘሩን አረጋግጡ፣ ካቆመ ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ ብለው አስተምረውናል። እኔም ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ከማማተቤ በፊት ጣቴ ወደዚያ ይሄዳል። ሲነዝር ካገኘሁት ያ ቀን ተጀመረ ማለት ነው።

ከመታመሜ በፊት በድምፅ ማጉያ የኩላሊት ሕመምተኛ ፎቶ ለጥፈው እርዳታ የሚለምኑ መኪኖች ሲያልፉ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ጫጫታው ይረብሸኝ ነበር፤ ይህን በኀፍረት ነው የምነግራችሁ። የእኔም ፎቶ ከትምህርት ቤታችን በር ላይ የተለጠፈበት ቀን መጣ። ተማሪዎቼ የጫማ ካርቶን ቀድደው ገንዘብ መሰብሰቢያ ሠሩ። ባልደረቦቼ የሰጪውን ስምና ብር የጻፉበት ደብተር እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው። ከፊት ያሉት ገጾች የርእሰ መምህሩና የመምህራኑ ናቸው፤ ወደ ኋላ ስንገልጥ አምስት ብር፣ አምስት ብር፣ ሦስት ብር እያለ ይወርዳል፤ አንድ መስመር ላይ «በር ላይ ያለው ሊስትሮ፣ 10 ብር» ይላል፤ ከእሱ በታች «ስሙን ያልተናገረ፣ 50 ብር»። ያ ሊስትሮ ጫማዬን ዓመታት ጠርጎልኛል፤ እኔ ስሙን ጠይቄው አላውቅም ነበር። አሥሩን ብር ለመመለስ ብሞክር አይቀበለኝም፤ ስለዚህ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚለውን የባለዕዳ ቃል ሙሉ ትርጉሙን የተረዳሁት በእሱ ነው።

ባለቤቴም ኩላሊቷን ልትሰጠኝ ተመርምራ ነበር። በአገራችን እ.ኤ.አ በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ፣ ቀድሞ ሕንድና ታይላንድ ድረስ ያስኬድ የነበረው ሕክምና በአገር ቤት ተስፋ የሚደረግ ሆኗል። ምርመራው ግን እሷም የደም ግፊት እንዳለባት አሳየና ሐኪሞቹ ለጋሽ መሆን አትችይም አሏት። ያን ቀን ከሐኪም ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አልቅሳለች፤ እኔም ተስፋዬ ተቆርጦ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ኩላሊት ልትሰጠኝ ሄዳ የራሷን ሁለት ኩላሊቶች አድና ተመለሰች። ክኒኗን በየምሽቱ፣ ከዜና በፊት፣ እኔ ነኝ ቆጥሬ የምሰጣት። እኔ ያቋረጥሁትን እሷ አላቋረጠችም።

ነርሶቻችን የምንሞላው ደብተር ሰጥተውናል፤ ከእጥበት በፊት ስንት ኪሎ፣ ከእጥበት በኋላ ስንት ኪሎ፣ የደም ግፊት ስንት በስንት። ያ ነርሷ የተቆጣችኝ ቅዳሜ ካለፈ በኋላ በደብተሬ ጠርዝ ላይ ሁለት ነገር መጻፍ ጀመርሁ፤ በአንድ በኩል የዚያን ቀን ያመመኝን፣ በሌላው በኩል የዚያን ቀን ያገኘሁትን አንድ በጎ ነገር። ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አንድ ብቻ ነው። «ስለ ቤተሰቤ»፣ «ስለ ሕይወት» የሚል ጠቅላላ ነገር አይጻፍም፤ በዚያ ቀን የሆነ፣ ዓይኔ ያየው ወይም እጄ የነካው ነገር መሆን አለበት። ጥቂቱን ላንብብላችሁ።

«ማክሰኞ። መርፌው በመጀመሪያው ገባ።» «ረቡዕ። ልጄ ሽንኩርት ስታቁላላ ሽታው አስራበኝ፤ ከራበኝ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር።» «እሑድ። የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ሳላርፍ ወጣሁ።» «ሐሙስ። መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ተነሣ።» ይህቺን የመጨረሻዋን ለማያውቃት ላብራራ። ማሽን ላይ ስንተኛ ከደማችን ከፊሉ ሁልጊዜ ከሰውነታችን ውጭ፣ ቱቦውና ማጣሪያው ውስጥ ነው ያለው። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ ጨልሞ ማሽኖቹ በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ፤ ነርሶቹ በእጃቸው እያዞሩ ደማችንን ወደ እኛ ሊመልሱ ይዘጋጃሉ፤ እኛም እርስ በእርስ ሳንተያይ ዝም እንላለን። ያን ቀን ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ የቆየነው ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ነው። ከወዲያ ማዶ ያለው ሙስሊም ወንድማችን በጨለማው ውስጥ ቀስ ብሎ «አልሐምዱሊላህ» ሲል ሰማሁት፤ መብራቱ ገና አልመጣም ነበር። በኋላ ለምን መብራቱ ሳይመጣ እንዳመሰገነ ስጠይቀው «ነርሶቹ ሲሮጡ ሰምቼ ነው» አለኝ። በሱረቱ ኢብራሂም «ብታመሰግኑ እጨምርላችኋለሁ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ያነሣልኛል። ያው ሰው ግን በሰውነቴ የተጠራቀመው ውሃ እንዲታወቅ ሚዛን ላይ ስወጣ «መምህር፣ ዛሬ ስንት ጀሪካን ተሸክመህ መጣህ?» እያለ የሚያስቀኝም እሱ ነው።

ከደብተሬ ውስጥ «ቅዳሜ። ምንም የለም» የሚሉም ገጾች አሉ። ብዙ ናቸው። አልሰረዝኋቸውም። ሮበርት ኤሞንስና ማይክል ማካሎ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ የነርቭና የጡንቻ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለሃያ አንድ ቀን ያመሰገኑበትን ነገር በየቀኑ እንዲጽፉ አድርገው ነበር፤ የጻፉት ካልጻፉት ይልቅ ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜትና የተሻለ እንቅልፍ እንዳገኙ ተናግረዋል። ሕመማቸው ዳነ ግን አልተባለም። የእኔም ክሬቲኒን፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ፣ አልወረደም። የወረደ ነገር ካለ ሌሊት ጣሪያ ላይ ማፍጠጤ ነው።

ቡና ስለሚከለከሉ ሰዎች ሳላነሣ ብቀር ቤት ስገባ ልጄ ትቆጣኛለች። እሑድ እሑድ ቡና ይፈላል። አቦሉ ሲቀዳ የእኔ ስኒ ግማሽ ይሆናል፤ ቶናው ላይ ስኒዬን እገለብጣለሁ። በረካው ሲመጣ ግን ከቦታዬ አልነሣም። በረካ በረከት ማለት ነው፤ ስሙን የሰጡት ሰዎች በጣም የቀጠነውን፣ ከጀበናው ሥር የቀረውን ስኒ በረከት ማለታቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ልጄ የራሷን በረካ ከመጠጣቷ በፊት ለአፍታ ከአፍንጫዬ ሥር ታስጠጋልኛለች። እንፋሎቱ ከሦስት ሩብ ሊትሩ አይቀነስም።

በቅዳሴያችን የምስጋና ጸሎት ላይ «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ»፣ በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግነው ብሎ ይጀምርና ምክንያቱን ሲዘረዝር ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና እያለ ሄዶ «እስከ ዛቲ ሰዓት» ላይ ይደርሳል። እስከዚች ሰዓት አድርሶናልና ነው የሚለው። ልጅ ሆኜ ቆሜ፣ አሁን ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስሰማው የኖርሁት ነው። እስከ ነገ አይልም፤ እስከ እርጅና አይልም። ጤነኛ ሳለሁ ይህ አነስተኛ ልመና ይመስለኝ ነበር። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ያለውን ረጅሙን ክፍተት ለምናውቅ፣ ሰኞ ማታ ትንፋሽ ሲከብደን ትራስ ደራርበን ለምንተኛ ለእኛ ግን ከዚህ የተስተካከለ መለኪያ የለም።

ይህን ሁሉ ስናገር የሚጎድለን የለም እያልሁ አይደለም። ከክፍለ ሀገር መጥተው ለእጥበት ብለው ብቻ አዲስ አበባ ቤት ተከራይተው፣ እርሻቸውንና ልጆቻቸውን ትተው የሚኖሩ ወንድሞች ከመካከላችን አሉ። ማጣሪያ አልቋል ተብለው የተመለሱባቸው ቀናት አሉ፤ እኔም አንድ ጊዜ ተመልሼ አራት ቀን ያለ እጥበት ቆይቻለሁ፤ በዚያ ሳምንት ደብተሬ ላይ የተጻፈው ቁጣ ብቻ ነው፣ ቁጣውም ትክክል ነበር። የሚሰማ ባለሥልጣን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ የምለው፣ ባለን ማሽን ስናመሰግን ስለሌለው ማሽን መጠየቃችንን አላቆምንም። ያቺ ነርስ እንዳለችው ነው፤ ምስጋናው ለባለቤቱ ይድረስ፣ ሕመሙን ግን እናንተ ስሙን። ጤነኛ የሆናችሁ እንግዶች ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት በሩ አጠገብ ግፊት የሚለኩ ተማሪዎች ተቀምጠዋል፤ ክንዳችሁን ስጧቸው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ተራዬ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ከዚህ ወርጄ በቀጥታ ወደዚያ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ሚዛን ላይ እወጣለሁ፤ ወዳጄም ስንት ጀሪካን እንዳመጣሁ ይጠይቀኛል። ከዚህ ጠርሙስ የጠጣሁት አራት ጉንጭ ነው፤ ቆጥሬያለሁ። የቀረውን ክዳኑን ገጥሜ እይዘዋለሁ፤ ልጄ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ማዕከሉ ትመጣለች፣ ስትደርስም ሁልጊዜ ውሃ ይጠማታል። ስትጠጣ ማየት ደስ ይለኛል።